እባብ ቆዳውን ሲጥል፦ በቦሌ ደረቅ አየር ውስጥ የተማርኩት

መግቢያ

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይባላል። እኔን ግን ባለፈው ዓመት ህዳር ላይ ያስበረገገኝ እባቡ ሳይሆን ልጡ ነው። ልጥ ያልኩት አንድ ወጥ ሆኖ መውለቅ ሲገባው ተቆራርጦ እባቡ ገላ ላይ የቀረውን አሮጌ ቆዳ ነው። ያን ቀን በችኮላ ያደረግኩት ነገር አንድ እንስሳ ግማሽ ብርሃኑን እንዲያጣ ምክንያት ሆኗል። ይህን ጽሁፍ ለትምህርት ክፍላችን መጽሔት ለማዘጋጀት የተነሳሁትም በዚሁ የተነሳ ነው። እዚህ አዲስ አበባ እባብ በቤቱ የሚያሳድግ ሰው ጥቂት መሆኑን አውቃለሁ። ሆኖም ስለ ቆዳ፣ ስለ እርጥበትና ስለ ሙቀት በክፍል ውስጥ በተናጠል የተማርናቸው ነገሮች አንድ የመስታወት ሳጥን ውስጥ እንዴት እንደሚገናኙ ያየሁት በዚህ አጋጣሚ ስለሆነ ለአንባብያን ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አክስቴ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ አንድ የውጭ አገር ሰዎች ቤት ትሠራለች። የቤቱ ትንሽ ልጅ አንድ እባብ አለው። ቤተሰቡ ለአምስት ሳምንት ወደ አገራቸው ሲሄዱ «ውሃውን ብቻ ቀይሪለት፣ ምግብ እስክንመለስ አይፈልግም» ብለዋት ነበር። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ስልክ ደወለችልኝ።

«ና እስቲ፣ አንተ ባዮሎጂ ትማር የለ? ይሄ አውሬ ዓይኑ ነጭ ሆነ፤ ሞቶብኝ እንዳልጠየቅበት!»

ከአያት ተነስቼ፣ መገናኛ ላይ ታክሲ ቀይሬ ደረስኩ። እባቡ አንድ ሜትር ከምናምን የሚሆን ነው። እንግሊዞች ሮያል፣ አሜሪካኖች ደግሞ ቦል የሚሉት ፓይተን ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ ፓይተን ሬጂየስ ይባላል። መኖሪያው ክዳኑ ወንፊት ሽቦ የሆነ የመስታወት ሳጥን ነው። ከላይ የማሞቂያ አምፖል በርቷል፤ ወለሉ ላይ ጋዜጣ ተነጥፏል፤ ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ የውሃ ሳህን አለች። የእባቡ ቀለም ደብዝዟል፣ ሁለቱም ዓይኖቹ ወተት የፈሰሰባቸው ይመስላሉ። የግቢው ዘበኛ በመስኮት አጮልቀው «መርዙ ወደ ዓይኑ ወጥቶ ነው፣ እንዳትነካው» አሉኝ። ጋሼን ላለማስቀየም ዝም አልኩ እንጂ ፓይተን መርዝ የለውም፤ የሚያድነውን እንስሳ የሚገድለው ተጠምጥሞ በማጥበቅ ነው።

ቆዳውን ሊለውጥ መሆኑን ገምቼ አክስቴን አረጋጋኋትና ተመለስኩ። እስከዚህ ድረስ ትክክል ነበርኩ። ከሳምንት በኋላ ስመለስ ግን ቆዳው ወልቆ አልጠበቀኝም። ከአንገቱ በታች እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እዚህም እዚያም ተሰነጣጥቆ ተጣብቋል፤ ጭራው ጫፍ ላይ እንደ ቀለበት ተጠምጥሟል፤ ግራ ዓይኑ ላይ ደረቅና የተጨማደደ ነገር ይታያል። «ልርዳው» ብዬ የገላውን በጣቴ ላጥኩት። ለዓይኑ ከአክስቴ ቦርሳ ወረንጦ ተቀበልኩ። ጎተትኩት፣ ወጣ። ግን ብቻውን አልወጣም።

በማግስቱ ዓይኑ አብጦ፣ ፈሳሽ አዝሎ ነበር። ዙኦሎጂ የሚያስተምሩን መምህር ፎቶውን በስልኬ ካዩ በኋላ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው «አንተ ያወለቅከው አሮጌውን ብቻ አይደለም» አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ የገባኝ የቆዳውን አሠራር ካጠናሁ በኋላ ነው።

የእባብ ቆዳ ሁለት ትውልድ አለው

የእኛም ቆዳ ይታደሳል፤ ነገር ግን በየቀኑ በጥቃቅኑ ስለሚረግፍ አናየውም። የእባብ ደግሞ በየጊዜው፣ ሙሉ በሙሉና በአንድ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ፖል ማደርሰን የተባለ ተመራማሪ የእባብን ቆዳ በማይክሮስኮፕ አጥንቶ ሂደቱን በስድስት ደረጃ ከፍሎታል። ዛሬም በመማሪያ መጻሕፍት የሚገኘው ይኸው አከፋፈል ነው። የመጀመሪያው ደረጃ የዕረፍት ጊዜ ሲሆን እባቡ ብዙውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው በዚህ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የውጨኛው ቆዳ ሳይወልቅ፣ ከሥሩ ሌላ ሙሉ ቆዳ መሠራት ይጀምራል። ስለዚህ ለተወሰኑ ቀናት እባቡ ሁለት ቆዳ ለብሶ ይኖራል፤ ከላይ «ውጫዊ ትውልድ»፣ ከሥር «ውስጣዊ ትውልድ»።

እያንዳንዱ ትውልድ ደግሞ በውስጡ ብዙ ንብርብር አለው። ከላይ ጠንካራው የቤታ ኬራቲን ንብርብር አለ፤ ቅርፊቱን የሚያጠነክረው እሱ ነው። ከሥር ለስላሳውና የሚተጣጠፈው የአልፋ ኬራቲን አለ። በሁለቱ መሐል ያለችው ሜሶስ የምትባለዋ ቀጭን ንብርብር በስብ የተሞላች ናት። ውሃ ከእባቡ ሰውነት በቆዳ በኩል ተንኖ እንዳያልቅ የምትከለክለው በዋነኛነት ይህች ናት።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንሳሳትበት ነገር አለ። እባብ ድርቀትን የሚቋቋመው በቅርፊቱ ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በ1972 ሊክትና ቤኔት የተባሉ ተመራማሪዎች ሲወለድ ጀምሮ ቅርፊት የሌለው አንድ እባብ አግኝተው ከጤነኞቹ ጋር አወዳደሩት። በቆዳው የሚያጣው የውሃ መጠን ቅርፊት ካላቸው የተለየ አልነበረም። ማለትም ውሃውን የሚይዘው ቅርፊቱ ሳይሆን ከቅርፊቱ ሥር ያለው ስብ ነው። የእባብ ቆዳ ከውጭ ሲያዩት እንደ ጥሩር ቢመስልም ውሃን በተመለከተ ሥራውን የሚሠራው በዓይን የማይታየው ክፍል ነው።

አዲሱ ትውልድ ተሠርቶ ሲያበቃ በሁለቱ መሐል ያለው መጋጠሚያ ይላቀቃል፤ በዚያ ቦታም ፈሳሽ ይሞላል። ዓይን ሰማያዊ ወይም ወተት መሳይ የሚሆነው በዚህ ጊዜ ነው። እባብ የዓይን ቆብ የለውም፤ በፅንስነቱ ሁለቱ ቆቦች ተጋጥመው አንድ ጥርት ያለ ቅርፊት ሆነው ዓይኑን እንደ መነጽር ሸፍነውታል። ይህም መነጽር የቆዳው አካል ስለሆነ አብሮ ይለወጣል። አክስቴን ያስደነገጣት ነጭ ዓይን እንግዲህ በአሮጌውና በአዲሱ መነጽር መካከል የገባው ፈሳሽ ነበር።

ዓይኑ ለጥቂት ቀናት ደብዝዞ ይቆይና መልሶ ይጠራል። የማያውቅ ሰው «ተሻለው» ይላል። ነገር ግን ቆዳው የሚወልቀው ከጠራ በኋላ ነው፤ በአብዛኛው ከአራት እስከ ሰባት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ። ጤነኛ እባብ አፍንጫውን በሸካራ ነገር ላይ እያሻሸ ከከንፈሩ ይጀምርና ቆዳውን እንደ ካልሲ ገልብጦ ይወጣል። የወለቀው ገለፈት ሙሉ ከሆነ ሁለቱም የዓይን መነጽሮችና የጭራው ጫፍ አብረውት ይገኛሉ። ተለጥጦ ስለሚወጣ ከእባቡ ራሱ ይረዝማል። ስለዚህ አንድ ሰው «የእባብ ቆዳ ሁለት ሜትር አገኘሁ» ቢላችሁ ባለቤቱ ከዚያ እንደሚያጥር እወቁ።

መምህሬ ያሉት አሁን ግልጽ ይሆናል። አሮጌው የሚለቀው በመሐል ያለው ክፍተት በተገቢው መንገድ ሲላቀቅ ብቻ ነው። ከደረቀ አሮጌው ቆዳ መተጣጠፉን ያጣል፣ ይሰባበራል፣ ከሥሩ ካለው ጋርም ይጣበቃል። የተጣበቀውን በጉልበት የሚጎትት ሰው ገና ያልጠነከረውን አዲሱን አብሮ ያነሳል። ገላ ላይ ከሆነ ቁስል ይሆናል፤ ያም ይድናል። ዓይን ላይ ከሆነ ግን የሚነሳው አዲሱ መነጽር ነው። ከሥሩ ያለው ዓይን ሌላ መሸፈኛ የለውም።

«አዲስ አበባ እኮ ዝናባማ ናት»

ታዲያ ለምን ደረቀ? መጀመሪያ ያሰብኩት «ህዳር ነዋ» ብዬ ነው። በበጋ ከንፈራችን ይሰነጠቃል፣ ተረከዛችን ይሰነጠቃል፣ በየቤቱ ቫዝሊን ይፈለጋል። ዝናባችን በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሚጠቃለል ከጥቅምት በኋላ አየሩ መድረቁ አዲስ ነገር አይደለም። ግን ይህ መልስ ግማሽ ብቻ ሆኖ አገኘሁት።

ከላብራቶሪያችን አንድ የእርጥበት መለኪያ ተውሼ ወደዚያ ቤት ሄድኩ። ክፍሉ ውስጥ ሙቀቱ 19 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ አንጻራዊ እርጥበቱ 45 በመቶ ሆነ። ይህ መጥፎ አይደለም። መለኪያውን ሳጥኑ ውስጥ ከአምፖሉ በታች ሳስገባው ሙቀቱ 31 ዲግሪ ሆነና እርጥበቱ ወደ 24 በመቶ ወረደ። ለዚህ ዓይነቱ ፓይተን በአዘቦቱ ከ50 እስከ 60 በመቶ፣ ቆዳ ሊጥል ሲል ደግሞ እስከ 70 በመቶ ይመከራል። ማለትም እባቡ ከሚያስፈልገው ግማሽ ባነሰ እርጥበት ውስጥ ነበር።

ምክንያቱን ፊዚክስ ላይ ተምረነዋል፤ ብቻ ከእባብ ጋር አላገናኘነውም። በ19 ዲግሪ 1 ሜትር ኩብ አየር ሊይዝ የሚችለው የውሃ ተን 16 ግራም ገደማ ነው። በ31 ዲግሪ ግን 32 ግራም ገደማ ይሆናል፤ እጥፍ ማለት ነው። ክፍሉ ውስጥ ያለው አየር 45 በመቶ ከሆነ የያዘው ተን 7 ግራም አካባቢ ነው። ይህንኑ አየር አምፖሉ ሲያሞቀው ተኑ አልጨመረም አልቀነሰም፤ የመያዝ አቅሙ ግን እጥፍ ሆነ። 7ን ለ32 ብታካፍሉት 22 በመቶ አካባቢ ታገኛላችሁ። መለኪያው ያሳየው ከዚህ የራቀ አልነበረም።

እሺ፣ በክረምትስ? ይህንንም አስልቻለሁ። በነሐሴ ጠዋት 14 ዲግሪና 90 በመቶ እርጥበት ያለው አየር እንውሰድ፤ ልብስ የማይደርቅበት፣ ግድግዳ የሚያለቅስበት ቀን ማለት ነው። የያዘው ተን 11 ግራም ገደማ ነው። ይህ አየር ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ 31 ዲግሪ ሲደርስ እርጥበቱ 34 በመቶ አካባቢ ይሆናል። ውጭ ዝናብ እያንጠባጠበ ሳጥኑ ውስጥ በረሃ ነው። ዝናብ የእባቡን ቆዳ አያረጥበውም ማለት ነው።

ችግሩ ስለዚህ ወቅቱ ብቻ ሳይሆን ከተማችን ያለችበት ከፍታ ያመጣው ነው። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል። ከፍታው ብርድ ያመጣል፤ በህዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ብርዱ ማሞቂያ ያስፈልገዋል። ማሞቂያው ደግሞ አየሩን ያደርቃል። በዚህ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠረፍ አገር ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ የውሃ ተን በፍጥነት ይበተናል። ሞቃትና ወበቃማ በሆነ የባሕር ዳርቻ ከተማ የሚኖር ሰው አምፖሉን ጭራሽ ላያስፈልገው ይችላል። ከእንዲህ ዓይነት ቦታ የተጻፈ የአያያዝ መመሪያ ይዞ ቦሌ ላይ እባብ የሚያሳድግ ሰው መመሪያውን በትክክል ተከትሎ እባቡን ሊያደርቀው ይችላል። እዚያ ቤት የሆነውም ይኸው ነው። ልጁ ምንም አላጠፋም፤ ሳጥኑ ከዚህ በፊት በኖሩበት ዝቅተኛ አገር ጥሩ ይሠራ ነበር።

እርጥብ ቤት ወይስ እርጥብ ጉድጓድ?

ይህን ካወቅኩ በኋላ የመጣልኝ ሐሳብ ሳጥኑን በሙሉ ማርጠብ ነበር። መምህሬ ግን ከለከሉኝ። ወለሉ ዘወትር እርጥብ ሆኖ አየር ካልተዘዋወረ ባክቴሪያና ሻጋታ ይራባል። የሆድ ቅርፊቶች ውሃ ይቋጥራሉ፣ ይበሰብሳሉ፤ ብርድ ከተጨመረ ደግሞ የሳንባ በሽታ ይመጣል። ድርቀትን ሸሽቶ መበስበስ ላይ መውደቅ አለ ማለት ነው።

መልሱን ያገኘሁት እባቡ ከየት እንደመጣ ሳነብ ነው። ይህ ፓይተን የአፍሪካ እባብ ነው፤ ከሴኔጋል ጀምሮ እስከ ኡጋንዳ ባለው ምድር ይገኛል። የኛን አገር ድንበር ግን አያልፍም። እኛ አገር የሚገኘው ዘንዶ ሌላ፣ እጅግ የሚገዝፈው ፓይተን ሴቤ ነው። የቦል ፓይተን አገር አብዛኛው ሣር የበዛበት ሳቫና ሲሆን የበጋው ወራት ደረቅ ነው። እንዲያውም ከኛ በጋ ሊብስ ይችላል። እንዴት ይኖራል ታዲያ? ቀኑን የሚያሳልፈው በአይጥ ጉድጓድና በኩይሳ ውስጥ ነው። ከላይ መሬቱ ተቃጥሎ እያለ ጉድጓዱ ውስጥ አየሩ ይረጥባል። እባቡ ቆዳውን ሊለውጥ ሲል ወደዚያ ይገባና ይጠብቃል።

ስለዚህ እባቡ የሚፈልገው እርጥብ ቤት ሳይሆን እርጥብ ጉድጓድ ነው። ቤቱ ደረቅና አየር የሚገባበት ሆኖ፣ በውስጡ እንደፈለገ የሚገባባትና የሚወጣባት አንዲት እርጥብ ክፍል ትኑረው። ምርጫው የእሱ ይሁን። የዚህ ጽሁፍ ዋና ነጥብ ይኸው ነው።

ይህ ለሌሎችም ዝርያዎች ይሠራል፤ ልኩ ብቻ ይለያያል። በኛ ቆላማ ደረቅ አካባቢዎች አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ የሚኖረው የምሥራቅ አፍሪካ አሸዋ ቦኣ በደረቅ ቤት ይስማማዋል፤ እንዲያም ሆኖ ቆዳ ሲጥል ትንሽ እርጥብ ጥግ አይጠላም። በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ2016 በባሌ ተራሮች ከሐረና ደን በአዲስ ዝርያነት የተመዘገበው ቢቲስ ሐረና የተባለው እፉኝት የጭጋጋማ ደን እንስሳ ነው። ሁለቱም የአንድ አገር እባቦች ናቸው፤ የለመዱት አየር ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። «እባብ ይህን ያህል እርጥበት ይፈልጋል» ብሎ ነገር የለም ማለት ነው። መጀመሪያ «የትኛው እባብ?» ተብሎ ይጠየቃል።

ያደረግነውና የሚደረገው

ከዚህ በኋላ ከአክስቴ ጋር ያደረግነውን ሌላ ሰው እንዲጠቀምበት በቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ።

1ኛ፦ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሳጥን (አክስቴ እንጀራ ፍርፍር የምታስቀምጥበትን ሰጠችኝ፤ «ከዚህ በኋላ አልፈልገውም» ብላ) ወስደን ጎኑ ላይ እባቡ የሚያልፍበት ቀዳዳ አወጣን። ጠርዙን እንዳይቆርጠው በእሳት አለሰለስነው። ውስጡ በውሃ ተነክሮ በደንብ የተጨመቀ የጥጥ ፎጣ አደረግን። ፎጣው እርጥብ ይሁን እንጂ ውሃ አያንጠባጥብ። በየሁለት ቀኑ ይታጠባል። ሰጋቱራ ሻጋታ ስለሚያወጣና አፉ ውስጥ ስለሚገባ ለዚህ አይሆንም።

2ኛ፦ ይህንን ሳጥን ከአምፖሉ ሥር ሳይሆን በሞቃቱና በቀዝቃዛው ጎን መካከል አስቀመጥነው። በጣም ከሞቀ ይደርቃል፤ ከቀዘቀዘ ደግሞ እባቡ አይገባበትም።

3ኛ፦ የወንፊቱን ክዳን ግማሽ ያህል በአሉሚኒየም ፎይል ሸፈንነው፤ ተኑ ሁሉ ወደ ላይ እንዳያመልጥ ነው። ከአምፖሉ አጠገብ ግን ምንም አይደረግም፤ ላስቲክማ በፍጹም፣ እሳት ያስነሳል።

4ኛ፦ ትንሿን የውሃ ሳህን እባቡ ተጠምጥሞ ሊገባበት በሚችል ሰፋ ባለ ሳህን ለወጥናት። ቆዳ በደንብ የሚለቀው ሰውነት ከውስጥም ውሃ ሲጠግብ ነው። ውሃ የሚረጭ ጠርሙስ መጠቀም ይቻላል፤ ግን ከዚህ በፊት ፍሊት ወይም ሳሙና የገባበት አይሁን።

5ኛ፦ አንድ ሸካራ ድንጋይና የደረቀ ግንድ አስገባን። እባብ እጅ የለውም፤ ቆዳውን የሚጀምርበት ማሻሻ ያስፈልገዋል። በፊት ከጋዜጣና ከመስታወት በቀር ምንም አልነበረውም።

6ኛ፦ መብራት ሲጠፋ ሃይላንድ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ ሞልተን፣ በጨርቅ ጠቅልለን እናስገባለን። ሙቀት ሲወርድ የቆዳ ሥራውም ይዘገያል፤ ብርድና እርጥበት አንድ ላይ ደግሞ ከድርቀት ይብሳል።

ቆዳው ተቆራርጦ ከቀረስ? ጥልቀት በሌለው 28 ወይም 30 ዲግሪ በሆነ ውሃ ውስጥ ለ20 ደቂቃ ያህል ማቆየት ነው፤ ጭንቅላቱ ከውሃው በላይ ይሁን፣ ሰውም ከአጠገቡ አይለይ። ከዚያ በእርጥብ ፎጣ መሐል ራሱ እየተሳበ እንዲያልፍ መተው ነው። እሱ ይሂድ እንጂ እኛ አንጎትት። የጭራው ጫፍ ላይ የቀረ ቀለበት ችላ አይባል፤ እየደረቀ ሲጠብ ደም ያቋርጥና ጫፉ ይሞታል። እባባችን ላይ ያለው በሁለተኛው ቀን በዚህ መንገድ ያለ ጉዳት ወለቀ። ዓይን ላይ የቀረ ከሆነ ግን እጅ አይነካው። እርጥበቱን አስተካክሎ የሚቀጥለውን መጠበቅ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በሚቀጥለው አብሮ ይወጣል። ካልወጣ የሐኪም ሥራ ነው። ቅቤ፣ ዘይት ወይም ቫዝሊን መቀባትም አይረባም፤ የቆዳው ድርቀት እንደ ተረከዛችን አይደለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ቆዳ አለመውለቅ ሁልጊዜ የእርጥበት ጉዳይ አይደለም። በቅርፊት መሐል የሚደበቁ ጥቃቅን ጥቁር መዥገር መሳይ ተባዮች፣ የምግብ ጉድለት፣ የድሮ ጠባሳ፣ ሌላ በሽታም ሊያመጣው ይችላል። እርጥበቱ ተስተካክሎ ችግሩ ከተደጋገመ ሌላ ምክንያት መፈለግ ይገባል። እንዲሁም እባቡ ዓይኑ በደበዘዘበት ወቅት መብላት አይፈልግም፣ በደንብ ስለማያይም ይደነግጣል፤ ያኔ አለማንሳት ይሻላል።

ስለ ሕጉ ጥቂት

ይህን አንብቦ «እኔም ከግቢያችን አንድ ይዤ ላሳድግ» የሚል እንዳይኖር አንድ ነገር መግለጽ ግዴታዬ ነው። የአገራችን እባቦች የዱር እንስሳት ናቸው፤ በሕግ መሠረት ያለ ፈቃድ መያዝም ሆነ መሸጥ አይቻልም። ፓይተኖች በተጨማሪ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት የተመዘገቡ ናቸው፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የስምምነቱ አባል ናት። የዚያ ቤት እባብ የመጣው ከነወረቀቱ ነው። በዚያ ላይ እፉኝትና ጉንዳን የማይለይ ሰው እባብ በእጁ ባይነካ ለራሱም ለእባቡም ይበጃል። እባብ ማጥናት ለሚፈልግ ተማሪ አራት ኪሎ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አለለት።

ማጠቃለያ

ቤተሰቡ በታኅሣሥ አጋማሽ ተመለሰ። አክስቴ «ዝም በል፣ እንዲህ ሆኖ አገኘነው እንላለን» ብላኝ ነበር። እንጀራዋ ስለሆነ አልፈረድኩባትም። ግን ልጁ ሳጥኑ አጠገብ ተንበርክኮ ሲያየው ማለፍ አልቻልኩም፤ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ያደረግኩትን ነገርኩት። አለቀሰ። ከዚያ «ለምን አልጠበቅከውም?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። አባትየው አክስቴን ምንም አላሏትም፤ እንዲያውም የእርጥበት መለኪያውን ከየት እንዳመጣሁ ጠየቁኝ።

ጥር መጨረሻ ላይ ልጁ ራሱ ደወለልኝ። እባቡ እርጥቧ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ሁለት ቀን ከቆየ በኋላ ቆዳውን ከአፍንጫው እስከ ጭራው አንድ ወጥ አድርጎ አውልቆታል። ሄጄ አየሁት፤ ገለፈቱ በመስኮት ብርሃን ሲታይ እያንዳንዱ ቅርፊት ይቆጠራል። በቀኝ በኩል የዓይኑ መነጽር እንደ ትንሽ ጥርት ያለ ጉልላት አብሮ ወጥቷል። በግራ በኩል ያለው ግን ሸካራና ጎርባጣ ነው። የግራው ዓይን እስከ ዛሬ ግራጫ ጠባሳ አለበት፤ በዚያ በኩል እጅ ሲያልፍ እባቡ አይከታተልም።

ከዚህ ሁሉ የተማርኩትን ባጭሩ ልድገመው። በኛ ከተማ እባብ የሚያደርቀው የበጋው አየር ብቻ ሳይሆን ብርዱን ለማስታገስ የምናበራው አምፖል ነው፤ መድኃኒቱም ቤቱን ማራስ ሳይሆን አንዲት እርጥብ ጉድጓድ መስጠት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የእባቡ ነው። እኛ ባዮሎጂ ስለተማርን ሁሉን በእጃችን የምናስተካክል ይመስለናል፤ አንዳንዴ ግን የተማረ ሰው ሥራ ሁኔታውን አመቻችቶ፣ ወረንጦውን አስቀምጦ መጠበቅ ነው። እኔ አልጠበቅኩም። እናንተ ጠብቁ።